ያላሉትን አታስብሏቸው

ጥያቄው የመጣው ሐዋሳ ውስጥ ታሪክ ከምታስተምር አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አጎቴ 69 ዓመታቸው ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ተማሪ ሳሉ ታስረው፣ ተገርፈው የተረፉ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም ብለው ኖረው አሁን ለተማሪዎቼ መናገር ጀምረዋል፤ ጤናቸው ግን እያስቸገረ ነው። ውጭ አገር ከእልቂት የተረፉ ሰዎች ስክሪን ላይ ሆነው ተማሪ ሲጠይቃቸው ሲመልሱ በቪዲዮ አይቻለሁ። አንድ የሰፈራችን የሶፍትዌር ልጅ የሦስት ሰዓት ድምፅና ጥቂት ፎቶ ከሰጠነው ኤአይ አሠልጥኖ ለዘላለም የሚያወሩ እንደሚያደርጋቸው ነግሮናል። 60 ሺህ ብር ጠይቋል። ይሻላል? ወይስ ዝም ብለን ቪዲዮ እንቅረጽ?»

ልጁ ሊሸጥልሽ ያሰበው ነገርና አንቺ ያየሽው ነገር አንድ አይደሉም። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ከዚያ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚሁ ነውና።

ያየሽውን ዓይነት ሥራ በሰፊው ያስተዋወቀው በአሜሪካ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሾዋ ፋውንዴሽን ነው። ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ1994 የመሠረተው የፊልም ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። ከናዚ እልቂት የተረፉት ፒንካስ ጉተር የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ተቀራጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ካሜራዎች ዙሪያቸውን ተደርድረው፣ ለቀናት አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ከ1000 በላይ ጥያቄ መለሱ። እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ተቆርጦ ተቀመጠ። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ አንድ ተማሪ ማይክ ይዞ ሲጠይቅ ማሽኑ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ከዚያ ጥያቄውን ከተቀመጡት ጥያቄዎች ጋር ያስተያያል። በጣም የሚቀርበውን ክሊፕ ያወጣል። የሚቀርብ ካጣ ደግሞ «ይህን መመለስ አልችልም» የሚል ክሊፕ ያመጣል፤ እሱንም የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ማሽኑ ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ፈልጎ የሚያቀብል ሠራተኛ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሆሎግራም (አየር ላይ ቆሞ የሚታይ የሰው ምስል) ሲባል ሰምተሽ ከሆነ አትደንግጪ፤ አብዛኛው ስክሪን ላይ የሚታይ ተራ ቪዲዮ ነው።

የሰፈራችሁ ልጅ የሚለው ግን መጽሐፉን ራሱ የሚጽፍ ሠራተኛ ነው። የአጎትሽን ድምፅ አስመስሎ፣ ፎቷቸውን አንቀሳቅሶ፣ ያልተጠየቁትን ጥያቄ በሳቸው አፍ ይመልሳል። አንድ ተማሪ «ማን ነው የገረፈዎት?» ብሎ ቢጠይቅ ማሽኑ «አላውቅም» ከማለት ይልቅ ስም ሊጠራ ይችላል። ስሙ የሚመጣው ለአረፍተ ነገሩ ስለሚስማማ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው አይጠፋም። ድምፁ የአጎትሽ ነው፣ ክሱ ግን የማንም አይደለም። ከዚያ በኋላ «ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው» ለማለት ለሚፈልግ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ያቺን አንዲት ክሊፕ ብቻ እያዞረ ያሳያል። እውነተኛው የሦስት ሰዓት ምስክርነትም አብሮ ይናዳል።

ልጁን አጭበርባሪ እያልኩ አይደለም። የሚችለውን ነው ያቀረበው። ለሌላ ሥራ በጣም ትፈልጊዋለሽ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ለዘላለም» የሚለው ቃልም ይቅር። ዛሬ የሚሠራ አፕ ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ ስልክ ላይ አይከፈትም። ኩባንያው ይዘጋል፣ የሰርቨሩን ኪራይ የሚከፍል ይጠፋል፣ ልጁ ራሱ ውጭ አገር ይሄዳል። የሚቆየው በደንብ የተቀረጸና በደንብ የተያዘ ተራ የቪዲዮ ፋይል ነው። ሾዋ ፋውንዴሽን ራሱ ከ50 ሺህ በላይ ምስክርነቶች አሉት። ከነዚህ ውስጥ በጥያቄና መልስ መልክ የተሠሩት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ቀሪው ሰው ተቀምጦ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተናገረበት ቪዲዮ ነው። ስለዚህ «ዝም ብለን ቪዲዮ እንቅረጽ?» ያልሽውን እንደ ትንሽ ነገር አትቁጠሪው። እሱ መሠረቱ ነው። ጥያቄና መልሱ በላዩ የሚሠራ ፎቅ ነው፤ ጊዜና አቅም ካለ ይሠራል፣ ከሌለ ይቀራል።

መጀመሪያ አጎትሽ በራሳቸው ቅደም ተከተል ይናገሩ። ከልጅነታቸው ይጀምሩ። ከእስሩ በፊት የነበረው ሰው ካልታወቀ እስሩ ምን እንደወሰደባቸው ተማሪዎችሽ አይገባቸውም። ከተፈቱ በኋላ ያለውም ይግባ፤ ሥራ እንዴት እንዳገኙ፣ ማንን እንዳገቡ፣ ለምን ያን ሁሉ ዓመት ዝም እንዳሉ። አንቺ ጥያቄሽን ቀንሺ። ይህን ያወቅኩት በራሴ ስህተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቅ ዳር አካባቢ አንዲት እናት ስቀርጽ የጥያቄ ዝርዝር ጭኔ ላይ ነበር። ወንድማቸው ታስሮ ሳለ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» አላቸው። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቴ ላይ ቀጥሎ የነበረው ጥያቄ «መርዶውን በይፋ የሰማችሁት መቼ ነው?» የሚል ነበር። ልጠይቅ አፌን ስከፍት ካሜራ የያዘው ልጅ በዓይኑ ከለከለኝ። እናትየው ዝም አሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ፣ ዕቃ እንዳቀፈ ሰው አድርገው፣ «እቤት እስክደርስ ድረስ እንደሞቀ ነበር» አሉ። ምሳ ዕቃውን ነው። ዝርዝሬ ላይ «ምሳ ዕቃው ሞቆ ነበር?» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም።

ሙሉው ምስክርነት ከተቀረጸ በኋላ ወደ ጥያቄና መልሱ ግቢ። ጥያቄውን አንቺ አታርቅቂው። ለተማሪዎችሽ ባዶ ወረቀት ስጫቸው፣ ስማቸውን ሳይጽፉ አጎትሽን መጠየቅ የሚፈልጉትን አምስት አምስት ነገር ይጻፉ። የአንድ ክፍል ተማሪ ወረቀት ሰብስበሽ ስትደረድሪው ጥያቄው ራሱን እየደገመ ይመጣል። ፈርተው ነበር? አልቅሰው ያውቃሉ? የገረፈዎትን ሰው መንገድ ላይ አግኝተው ያውቃሉ? ይቅር ብለዋል? አሁን በሕልምዎ ይመጣል? ደግሞ ማንም አዋቂ የማያስበው ይመጣል፦ እስር ቤት ውስጥ ገላ የምትታጠቡት የት ነበር? የየትኛው ቡድን ደጋፊ ነዎት? አትሳቂ፣ እነሱንም ጠይቂያቸው። ልጅ ከባዱን ጥያቄ የሚደፍረው ቀላሉን ጠይቆ መልስ ካገኘ በኋላ ነው። እንደ እናንተ ላለ የአንድ ትምህርት ቤት ሥራ ከ150 እስከ 200 ጥያቄ ይበቃል። 1000 ጥያቄ ለታመመ ሰው ቅጣት ነው።

አሁን ውጭ አገር የሠሩት ሰዎች ያልገጠማቸው የኛ ችግር አለ። አማርኛው ነው።

«ለምን ታሰሩ?» የሚለውን ጥያቄ ተመልከቺው። ለአጎትሽ በአክብሮት የቀረበ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ስለ ጓደኞቻቸው የተጠየቀም ሊሆን ይችላል። ሰው ሲሰማ ከሁኔታው ይለያል፤ ማሽን ግን ፊደሉን ነው የሚያየው። በዚያ ላይ አንዱ ተማሪ «ጋሼ ለምን ታሰሩ?» ይላል፣ ሌላው «ያሰሩዎት ምን አድርገው ነው?» ይላል፣ ስክሪን ስለሆነ ብቻ «ለምን ታሰርክ?» የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ አንድ መልስ ሥር ጥያቄው ቢያንስ በስምንትና በአሥር አባባል ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ፊደሉም ወጥ ይሁን፤ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ቀድሞ ካልተነገረው በቀር።

የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህ ይብሳል። አጎትሽ «በሰባ» ሲሉ 1970 ዓ.ም. ማለታቸው ነው። ተማሪሽ ግን በእንግሊዝኛ አንብቦ መጥቶ «በ1977 ምን ደረሰብዎት?» ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1977 ቀይ ሽብር ነው፤ በኛ 1977 ደግሞ የድርቁና የረሃቡ ዘመን ነው። ማሽኑ ምንም ሳያፍር ስለ ረሃቡ የተናገሩትን ያወጣል። ልጁም አጎትሽ የተጠየቁት ያልገባቸው ሽማግሌ ይመስሉታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዓመት የሚጠራ ጥያቄ ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይመዝገብ፣ 77 የሚል ቁጥር ሲመጣ ማሽኑ መልሶ «በማን አቆጣጠር?» ብሎ እንዲጠይቅ ይደረግ።

የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት ፕሮግራሞች እየተሻሻሉ ነው፤ ነገር ግን አርባ ተማሪ በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ አትመኛቸው። ጥያቄው በጽሑፍ ይግባ። አንድ ተማሪ ኪቦርድ ላይ ተቀምጦ የሌሎቹን ጥያቄ ይጻፍ። ወይም ጥያቄዎቹ በርዕስ ተደርድረው በጣት ይነኩ። ብዙም የማይማርክ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። አጎትሽ መሐል ላይ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ጣል የሚያደርጉ ከሆነ አታርሟቸው። እንዳለ ይቀረጽ፣ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍ። ቻይና ውስጥ ከናንጂንግ ጭፍጨፋ የተረፉት ሺያ ሹቺን በዚሁ መንገድ ሲቀረጹ በገዛ ቋንቋቸው ነው የተናገሩት፤ ሰው ስቃዩን ባየበት ቋንቋ ሲናገር ፊቱ እንኳ ይለያል።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ነገር። መልሶቹ ተቆራርጠው ስለሚቀጣጠሉ ወንበሩ፣ ልብሱ፣ ብርሃኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን አንድ ይሁኑ። እኛ አንድ ጊዜ ሁለተኛው ቀን ስለበረደ ባለታሪኩ ሹራብ ደርበው መጡ፣ እኛም አላስተዋልንም። በኋላ ስናየው አንድ ጥያቄ ላይ በሸሚዝ፣ ቀጣዩ ላይ በሹራብ፣ እንደገና በሸሚዝ። ተማሪዎቹ ታሪኩን ትተው ሹራቡን ሲጠብቁ ዋሉ። እያንዳንዱን መልስ ከመጀመራቸው በፊትና ሲጨርሱ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይረፍ፣ አፋቸው ይዘጋ። ጥያቄሽ በመልሳቸው ላይ አይደረብ። ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ግዢ ወይም ተከራዪ፤ ደካማ ምስል ይታለፋል፣ ደካማ ድምፅ ግን ሥራውን ይገድለዋል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠላት ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ፣ በጋ ላይ ጦጣው። ኮርኒስ ያለው፣ ከባጃጅ መንገድ ራቅ ያለ ክፍል ፈልጊ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀምሪ፣ ከሰዓት ከሐይቁ ንፋስ ሳይመጣ።

በአንድ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አታስቀምጫቸው። በየሃያና በየሠላሳ ደቂቃው ሻይ። ከቀረጻው በፊት ምልክት ተነጋገሩ፤ እጃቸውን ሲያነሱ ካሜራው ያለ ምንም ክርክር ይጠፋል። የማይነኩ ርዕሶችን አስቀድመው ይንገሩሽ፣ አንቺም አክብሪ። ግርፋቱን በዝርዝር ማስተረክ ምስክርነቱን አያበረታውም፤ ማታ እንቅልፍ ይነሳቸዋል እንጂ። ተማሪ ስለዚያ ቢጠይቅ «እሱን መናገር አልፈልግም» የሚል ክሊፕ በገዛ ድምፃቸው ይኑር። ከሁሉም መልስ ይልቅ ክፍሉን ጸጥ የሚያደርገው አንዳንዴ እሱ ነው። ቀረጻው ባለቀበት ማታ ብቻቸውን አይደሩ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት ከቻልሽ ጥሩ፤ ካልቻልሽ የሚያምኑት ሰው አብሯቸው ይዋል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን አማክሩ።

የስም ነገር በጣም ያሳስበኛል። አጎትሽ የቀበሌውን ካድሬ፣ የጠቆመባቸውን ጎረቤት፣ የገረፋቸውን ሰው በስም ይጠሩ ይሆናል። መብታቸው ነው፣ አታቋርጫቸው። ግን የዚያ ሰው የልጅ ልጅ አንቺ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይኑር። አንዱ ምንም ያልተነካው፣ ተዘግቶ የሚቀመጥ። ሁለተኛው ጥፋቱ በፍርድ ቤት ያልተረጋገጠ ሰው ስም የተቆረጠበት፣ ለተማሪ የሚታይ። የት የት ቦታ እንደተቆረጠም በጽሑፍ ይያዝ።

ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ በካሜራም ፊት ይነበብ። «ለትምህርት አገልግሎት ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የት ይታያል? በኢንተርኔት ይለቀቃል ወይ? ከሞቱ በኋላ ማን ይወስናል? ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ይነሳል ወይ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን መረጃ ለምን ዓላማ እንደምትይዢ መናገርና ፈቃድ መያዝ ከእንግዲህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከፈቃዱ ወረቀት ላይ እንድትጨምሪው የምለምንሽ አንድ አረፍተ ነገር አለ፦ «ድምፄና መልኬ ያልተናገርኩትን ለማናገር እንዳይውል።»

ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ፣ የመጀመሪያው ቀንና የሦስተኛው ቀን ንግግራቸው ባይገጥም፣ ሁለቱም ይቀመጡ። እርማቱን አንቺ ማስታወሻ ላይ ጻፊ። ደግመሽ አስቀርጸሽ አታስተካክዪ።

አንድ ሰዓት ጥሩ ቪዲዮ ሙሉ ኤችዲ ሆኖ ወደ 11 ጊጋባይት ይይዛል። አሥራ አምስት ሰዓት ብትቀርጹ 165 ገደማ ነው፤ ተራ ሃርድ ዲስክ ይችለዋል። ግን ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ በተለያዩ ዲስኮች፣ ሦስተኛው ሌላ ከተማ። እኔ በአንድ ወቅት የአሥር ሰዎች ቃል የያዘ አንድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ በሰላም ተኛሁ። አንድ ቀን አውጥቼ ሰክቼው ሳለ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ከአሥሩ ሦስቱ በዚያን ጊዜ አርፈው ነበር። ስለዚህ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ላይ ስጪ። ወመዘክርን፣ ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ማለቴ ነው፣ ጠይቂ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምንም አነጋግሪ፤ እዚያ ጎብኚ ሲያስጎበኙ ከነበሩት መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ተማሪ ምን እንደሚጠይቅ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። የ60 ሺህ ብሩን ውል አትፈርሚ። ከዚያው ገንዘብ ማይክ፣ ትራይፖድና ሦስት ዲስክ ይገዛል፣ ካሜራ ይከራያል። ከክረምቱ በፊት ሙሉውን ምስክርነት ቅረጹ፤ የጤናቸው ነገር ጊዜ አይሰጥም። እሱ ካለቀና አጎትሽ ከፈለጉ ብቻ ጥያቄና መልሱን ቀጥሉ። የሰፈራችሁን ልጅ አሁን ጥሪው። የተናገሩትን ወደ ጽሑፍ ይቀይርልሽ፣ አንቺ ደግሞ ቃል በቃል እያዳመጥሽ አርሚው። ጥያቄ ከክሊፕ ጋር የሚያገናኝ ቀላል ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት በአንድ ላፕቶፕ ላይ እንዲሠራልሽ አድርጊ። መልስ የማይፈጥር፣ ሲያጣ አጣሁ የሚል። እምቢ ካለ ሌላ ልጅ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ስትፈትሺ «ቁርስ ምን በሉ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ካሜራውም ይቅረጽ። የሚሉትን ሁሉ ያዢ፤ ጨጨብሳም ይሁን ደረቅ ዳቦ። ያንን ክሊፕ አትሰርዢው። ከወረቀቶቹ አንዱ ላይ ያ ጥያቄ መኖሩ አይቀርም።